ሃምሳ ዓመት የቆየ ሳልሳ

እስቲ አስቀድሜ እፎይ ልበልና ነው የማወራችሁ። እፎይ! አሁን ይሻላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረቴ ላይ የወፍጮ ድንጋይ ተቀምጦ ከርሞ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ነው የተነሣልኝ። ማን አስቀመጠው ብትሉኝ፣ ራሴ ነኝ። ማንም ያላሸከመኝን አንሥቶ መሸከም የቆየ ልማዴ ነው።

ነገሩ የመጣው ከአንዲት ቃል ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ሽንኩርት እየላጥኩ፣ በጆሮዬ ነው። እንባዬ ለሽንኩርቱ ይሁን ለፊደሉ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እናም «ሳልሳ» ሲባል የማውቀው አንድ ነው፤ ያ በትንሿ ቆርቆሮ የሚሸጠው፣ ወጥ የሚያቀላው የቲማቲም ድልህ። ዘመዱ ነው ካላችሁ ደግሞ «ሂ ሣልስ» አለ፣ የፊደሉ። ሣልስ ማለት ሦስተኛ ማለት እንደሆነ እያወቅሁ፣ ሦስተኛ ሳልሳ ይኖር ይሆን ብዬ አለመጠየቄ ነው ጥፋቴ።

የምኖረው ስዊድን አገር፣ ሮግስቬድ የሚባል ሰፈር ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። ከራሴ በላይ አቶ ራሞን የሚባሉ፣ ከኮሎምቢያ የመጡ ሽማግሌ አሉ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ነው ወደኛ ሕንፃ የገቡት፤ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ስዊድንኛ አንቱታ የለውም። ሕፃኑም «ዱ»፣ ንጉሡም «ዱ» ነው። እኔ ግን በአፌ አንተ እያልኩ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁና እዚህም በልቤ እንደጠራኋቸው ነው የምጽፋቸው። የሁለታችን ስዊድንኛ ሲገናኝ ለተመልካች ያሳዝናል። እሳቸው የጎደላቸውን በእስፓኝኛ ይሞላሉ፣ እኔ በአማርኛ፤ የቀረውን እጃችን ይጨርሰዋል። እንዲህ እያልን ተግባብተን ኖርን። ተግባብተን ነበር የመሰለኝ።

ጸጥተኛ ጎረቤት ናቸው። ከላዬ ሲራመዱ እንኳ ወለሉን ይቅርታ እየጠየቁ ነው የሚረግጡት።

አንድ ቀን ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አቶ ራሞን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ጉስታቮ የሚባል ወፍራም ወዳጃቸው ካርቶን ታቅፎ ያለከልካል። አምስት ካርቶን ነው፤ ሁሉም በፕላስተር ግጥም ተደርጎ ታሽጓል። አንደኛው በቀይ ገመድ ታስሯል።

«እኔ ሆስፒታል» አሉኝ ዳሌያቸውን መታ አድርገው። «ሦስት ሳምንት። ቤቴ ቀለም ይቀባል። ቀለም ቀቢ አላምንም። አንቺን አምናለሁ። ይሄ የኔ ሳልሳ ነው።»

«ሳልሳ?»

«ሳልሳ! ሃምሳ ዓመት!»

አምስቱን ካርቶን አየሁና፣ ይኼ ሁሉ ሳልሳ ለአንድ ሽማግሌ ምን ይሠራል ብዬ ለራሴ አልኩ። እሳቸው ግን ጣታቸውን እየቆጠሩ ትእዛዝ ቀጠሉ። ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ፀሐይ አይንካው። ማሞቂያ አጠገብ በፍጹም! ቁሞ ይቀመጥ እንጂ አይተኛ። እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፣ ይኼ የድልህ አቀማመጥ አይደለም?

«ሱቅ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ሱቅ ያለውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል» አሉ በንቀት። «ይሄን ማንም አያውቅም። ትንሽ ነው የተሠራው። አንዴ ሠሩ፣ አለቀ።»

«የሠሩት ሰዎችስ?»

«ሞቱ» አሉኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «ሁሉም ሞቱ።»

እግዜር ያሳያችሁ! የሠሩት ሁሉ ሞተዋል። ቀጥለው ቀዩ ገመድ የታሰረበትን ካርቶን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና ድምፃቸው ቀነሰ። «ሚስቴ እዚህ ውስጥ አለች። ሌላ ምንም የለኝም። ስመለስ እንከፍታለን። ወዳጆቼ ይመጣሉ። ሁሉም ሰው ያገኛል። አንቺም ታገኛለሽ።»

ቁርጡን ልንገራችሁ፣ የተረዳሁት እንዲህ ነው። ሚስትየዋ ከሃምሳ ዓመት በፊት በገዛ እጃቸው ያሰናዱት ድልህ ነው፤ ሰውዬው ሳይበሉት ለፍቅር አስቀምጠውታል። አሁን ከሆስፒታል ሲመለሱ ሊበሉት ነው፤ ወዳጆቻቸውን ሊያበሉ ነው፤ እኔንም ሊያበሉ ነው።

ሲሄዱ አንዱን ካርቶን ነቅነቅ አደረግሁት። የፈሳሽ ድምፅ የለም። «ደርቋል!» አልኩ።

ልጄ ሠናይት አረጋውያንን ቤት ለቤት የምታገለግል ናት፤ ዕድሜዋን ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላ ደረጃ ስትሮጥ ነው የምትጨርሰው። ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ቶሎ በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሃምሳ ዓመት የቆየ ሳልሳ ይበላል?»

«ምን?»

«ሳልሳ። ሃምሳ ዓመት የሞላው።»

«ምን ትላለች ይቺ! ሰው ይገድላል እንጂ! ከየት አመጣሽው? ዛሬውኑ ጣይው!»

«የሰው ነዋ።»

«የጳጳስም ቢሆን ጣይው! በይ አሁን አንዲት አሮጊት ካልሲ ላለብስ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ቻው።»

እንግዲህ ባለሙያ ተጠየቀ፣ ባለሙያ ፈረደ። አንዱን ካርቶን ባለጎማ ቦርሳዬ ላይ ጭኜ ምድር ቤት ወዳለው ግሮቭሶፕሩም ወረድኩ። ይኼ አሮጌ ሶፋና የተሰበረ ወንበር የሚጣልበት ክፍል ነው። እንደ ዕድሌ አራተኛ ፎቅ ያለችው ፈረንጅ እዚያ ቆማለች። በአገሯ ፈረንጅ ስላት ትንሽ ይቆረቁረኛል፤ ግን ሌላ ምን ልበላት? የሕንፃው ቆሻሻ የእሷ ርስት ነው፤ ያለ እሷ ፈቃድ አምፖል አይጣልም።

«ምንድን ነው?» አለችኝ ወደ ካርቶኑ እያየች።

«ምግብ። ያረጀ ምግብ።»

«ምግብ እዚህ? በፍጹም!» አለችና ትምህርት ጀመረች። ምግቡ በቡናማው የወረቀት ከረጢት። ጠርሙሱ ታጥቦ ከጠርሙስ። ክዳኑ ከብረት። ካርቶኑ ተጣጥፎ ከካርቶን። «መጀመሪያ ክፈቺው» አለች።

«አይከፈትም።»

«ለምን?»

አደራን በስዊድንኛ ምን ልበለው? «የእኔ አይደለም። የሌላ ሰው ነው» አልኳት።

«የሌላ ሰው ከሆነ ለምን ትጥይዋለሽ?»

ይኼን ጊዜ የቦርሳዬን እጀታ መነካካት ጀመርኩ። እሷ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችኝ። አርባ ዓመት አስተማሪ ነበረች አሉ፤ አያያዟ ያስታውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጥለው ብል መክፈት አለብኝ። እንዳልከፍተው ደግሞ አደራ ነው፤ አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲሉ ነው ያደግሁት። የታሸገ የሰው ዕቃ የምከፍት ሴት ብሆን ኖሮ አቶ ራሞን መች ይሰጡኝ ነበር? ለመጣል የማላፍረው ለመክፈት ማፈሬ የትኛው አእምሮ ነው አትበሉኝ፤ እኔም አላውቀውም። ብቻ የስዊድን ቆሻሻና የአበሻ አደራ ተጋጭተው መሃላቸው ቆምኩና፣ ካርቶኔን እየጎተትኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

መኝታ ቤቴ አስገባኋቸው። አልጋዬን ሠናይት ለጉልበቴ ብላ ከአራት ወፋፍራም እንጨቶች ላይ ሰቅላዋለች፤ ሥሩ ፍየል ያሳድራል። አምስቱንም አቁሜ ደረደርኩ። ቀይ ገመድ ያለውን፣ የሟቿ እጅ ያለበትን፣ በንጹሕ ነጠላ ሸፈንኩት። ማሞቂያውን ዘጋሁ። ምንም ቢሆን ቀዝቃዛ ቦታ ተብያለሁ። በየካቲት ብርድ ካፖርቴንና ሁለት ካልሲ ለብሼ፣ ራሴን በፎጣ ጠምጥሜ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ለተበላሸ ድልህ! ስታስነጥሱ «ይማርሽ» የሚላችሁ ከሌለ ማስነጠስ ራሱ ያስለቅሳል።

ግን መደበቁ ብቻ አይበቃም፤ ሰውዬው ሲመለሱ ይጠይቃሉ። ሚስትዎ የሠሩት ተበላሽቷል ብዬ ልንገራቸው? በየትኛው ስዊድንኛ? በየትኛው አንጀት? እንዲህ ሳሰላስል ነው ሰይጣን መላ የሰጠኝ። አዲስ ሳልሳ ሠርቼ እተካላቸዋለሁ! የሚስታቸው እጅ መስሏቸው ይበላሉ፣ ማንም አይሞትም። የአሮጌውን ነገር ሲያገግሙ ቀስ ብዬ እናዘዛለሁ።

ቲማቲም በገፍ የሚገኘው ቴንስታ የሚባል ከከተማው ማዶ ያለ ሰፈር ነው። ቱነልባና ከሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር፣ ከአረንጓዴው መስመር ወርጄ ሰማያዊውን ተሳፈርኩ። እዚያ ወዳጄ ጥሩነሽ አለች፤ ምላሷ ሚጥሚጣ፣ ልቧ ማር ነው። ግን ማሩ ጋ ለመድረስ ሚጥሚጣውን ማለፍ ግድ ነው።

«ይኼ ሁሉ ቲማቲም ለማን ነው?» አለችኝ ሣጥኑን ስታይ።

«ለጎረቤቴ። ለአቶ ራሞን።»

«ራሞን! ወንድ ነዋ!»

«ሽማግሌ ናቸው አንቺ።»

«አንቺስ ኮረዳ ነሽ? ወይ ጉድ! ጉልበትሽ አልታጠፍ ሲል ልብሽ ታጠፈ?»

«አፍሽን ዝጊና ቲማቲሙን ክተፊ።»

«እከትፋለሁ። ሰርጉ ላይ ሚዜ ካደረግሽኝ።»

ሁለት ቀን በእሷ ወጥ ቤት ስንፈጭና ስናንተከትክ ሰነበትን። የጭስ መጠንቀቂያው ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ጥሩነሽ በመጥረጊያ እንጨት እየነካካች «ዝም በል፣ ሽማግሌ ልናገባ ነው» ትለዋለች። መጨረሻ ላይ እጄ በልማዱ ሄዶ በርበሬ ጨመረበት። ነጭ ሽንኩርትም። ትንሽ ኮረሪማም። የኮሎምቢያ ሴት እንዲህ ትሠራ እንደሆን ማን ያውቃል? ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ጣዕም ማን ያስታውሳል?

ከሱቅ አምስት ተመሳሳይ ካርቶን ለመንኩ። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ደረደርኩ፣ በፕላስተር አሸግሁ፣ አንዱን በቀይ ገመድ አሰርኩ። የራሴን ሥራ ቆሜ ሳየው ሌባ ብሆን ኖሮ ያልፍልኝ ነበር አልኩ።

አቶ ራሞን የተመለሱት ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጉስታቮ እያለከለከ መጥቶ አምስቱን ካርቶን፣ የእኔን አምስቱን ማለቴ ነው፣ ወደ ላይ ወሰደ። እኔንም ጠሩኝ።

ስገባ ስምንት የሚሆኑ አረጋውያን ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ቀብተዋል፤ የወንዶቹ ጫማ ፊት ያሳያል። ድልህ ለመብላት እንዲህ የሚለብስ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ የለም፤ ማንኪያ የለም። አንድ ዝግ ሻንጣ ብቻ ተቀምጧል። ማሞቂያ ምድጃቸው ይሆናል አልኩ።

አቶ ራሞን አዲስ በተሠራ ዳሌያቸው ቆመው በእስፓኝኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አንዷ ሴትዮ መሐረብ አወጣች። እኔ በሩን ማየት የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው፤ ጣዕሙን ቢያውቁትስ?

ጉስታቮ ሻንጣውን ከፈተ።

ምድጃ አልነበረም። የሚሽከረከር ክብ ነገር፣ ከጎኑ የታጠፈች ክንድ፣ ጫፏ ላይ መርፌ። እኔ ገጠር ለገጠር ብቻ የኖርኩ ሴት አይደለሁም፤ በወጣትነቴ አዲስ አበባ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆሜ ያዳመጥኩት ዕቃ ነው። የሸክላ ማጫወቻ!

ሃምሳ ዓመት። ቁሞ ይቀመጥ። ማሞቂያ አያግኘው። አንዴ ሠሩ፣ አለቀ። ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ በጆሮዬ ተመልሶ መጣ፤ ስዊድንኛ እንደዚያን ቀን ገብቶኝ አያውቅም።

«ቆይ!» ብዬ ጮህኩ፣ ደግሞም በስዊድንኛ። «ቬንታ! ቬንታ!»

ምን ዋጋ አለው፣ አቶ ራሞን ቀዩን ገመድ ቆርጠው፣ ፕላስተሩን ቀደው፣ እጃቸውን ሰድደዋል። ያወጡት ጠርሙስ ነው። ቀይ። ክዳኑ አፍ ላይ ትንሽ ዘይት ያወዛ። ወደ መስኮቱ አነሡት፣ አገላበጡት። ጉስታቮ ሁለተኛውን ካርቶን ከፈተ፤ ጠርሙስ። ሦስተኛውን፤ ጠርሙስ።

አቶ ራሞን ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ነጣ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለኝ። በትንሽ ድምፅ ጠየቁኝ፣

«ሚስቴ የት አለች?»

ከሁሉ በፊት አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

«ሚስትዎ አልጋዬ ሥር ናቸው።»

እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። መሐረብ የያዘችው ሴትዮ መሐረቡን አፏ ውስጥ ከተተች። ጉስታቮ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ፤ ያ ሁሉ ሥጋ እንደዚያ ይሮጣል ብዬ አላስብም ነበር። እኔ ቁልፌን ይዤ ከኋላ፣ አቶ ራሞን በምርኩዝ ከኋላዬ። መኝታ ቤቴ ሲገቡ ቅዝቃዜው መታቸው። የተዘጋውን ማሞቂያ አዩ። አልጋው ላይ የተከመረውን ካፖርትና ካልሲ አዩ። ጎንበስ አሉና ነጠላ የለበሰውን ካርቶን አዩ። ፕላስተሩን በጣታቸው ዳበሱት፤ አልተነካም። አንድም አልተከፈተም።

«እዚህ ነው የተኛሽ?» አሉኝ።

«ቀዝቃዛ ቦታ ብለውኛል።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና አለቀሱ፤ ቀጥለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሁለቱንም አደረግሁ።

እውነተኛው ካርቶን ወደ ላይ ተወስዶ ሲከፈት ጉስታቮ በደህናው ስዊድንኛው አስረዳኝ። ሳልሳ በእነሱ አገር የከተማ ሰፈር የጭፈራ ሙዚቃ ነው፤ ያኔ ወርቃማ ዘመኑ ነበር። ታላላቆቹን ዓለም ሁሉ ያውቃቸዋል። እነዚህ ግን ማንም የማያውቃቸው ናቸው፤ ቀን ታክሲ የሚነዱ፣ ልብስ የሚሰፉ፣ ማታ ተሰብስበው አንድ ሸክላ አስቀርጸው የተበተኑ። የአቶ ራሞን ሚስት በአንዱ ላይ ዘፍነዋል፣ ከሦስት ሴቶች አንዷ ሆነው፤ ተቀባይ። ሽፋኑ ላይ ወንዶቹ አሉ፣ የእሳቸው ፎቶ የለም። ስማቸውም የለም። የቀረው ድምፃቸው ብቻ ነው። አቶ ራሞን ከቀብሩ ወዲህ ብቻቸውን ሊሰሙት ፈርተው፣ ሰው እስኪሰበስቡ አሽገውት ነው የቆዩት።

መርፌዋ ወረደች። መጀመሪያ እንደ ዝናብ ተንሿሿ። ከዚያ ከበሮው፣ ጥሩምባው፣ ወንዱ አቀንቃኝ። ቀጥሎ ሦስቱ ሴቶች ተቀበሉት። አቶ ራሞን ጣታቸውን አነሡ፤ «መሃለኛዋ» አሉኝ። ሰማኋት። ቀጭን፣ ትንሽ ሻከር ያለች፣ የማትቸኩል ድምፅ።

እኔ ቋንቋውን አላውቅም፤ ነገሩን ግን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ለሰፈራችን ሰርግ ተቀባይ ነበርኩ። ስሟ የሚነሣው አቀንቃኟ ናት፤ የተቀባይን ስም ማን ይጠራል? ግን ተቀባይ ዝም ያለች ዕለት ዘፈኑ ሜዳ ላይ ይወድቃል። እጄ ሳላዘው አጨበጨበ። ሦስቱ ሴቶች ሲመለሱ እኔም «እሰይ!» ብዬ ተቀበልኳቸው። ማንም አልከለከለኝም።

ጠርሙሶቹስ? ጉስታቮ ዳቦ ከታች ሱቅ ገዝቶ መጣ። አንዷን ከፍቶ ቀመሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ግንባሩ አላበው፣ «ኡይ ኡይ ኡይ!» አለና ደግሞ ቀመሰ። ከዚያ በኋላ ሁሉም እየበላ ተነሥቶ ጨፈረ። ያላባቸው ከበሮው ይሁን በርበሬው እኔ አልፈርድም። አራተኛ ፎቅ ያለችው ፈረንጅ ጫጫታውን ልትከስ ወርዳ ነበር፤ ዳቦ አስያዝናት፣ ቀረች። ስትሄድ ግን ባዶዎቹን ጠርሙሶች ቆጥራ፣ ታጥበው የት እንደሚጣሉ አስታውሳናለች።

አቶ ራሞንን አንድ ነገር ነገርኳቸው። በእኛ ቋንቋ ይኼ ዕቃ ሸክላ ነው የሚባለው አልኳቸው፤ ከአፈር የሚሠራው ድስትም ሸክላ ነው። ሳልሳ በማለት ፈንታ ሸክላ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ምስር ልሠራበት እከፍተው ነበር። በሳልሳም ያው፣ በሸክላም ያው። እኔን ያዳነኝ አለመክፈቴ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ሠናይት ደወለች።

«እማዬ፣ ያንን ሳልሳ ጣልሽው?»

«አልጣልኩትም። ትናንት ከፈትነው።»

«ወይኔ እናቴ! በላችሁት እንዳትይኝ!»

«ሰማነው እንጂ።»

«ምን?»

«ሰማነው። አይዞሽ ልጄ፣ ሃምሳ ዓመት ሆኖት ቅንጣት አልተበላሸም።»